ወፍራሙ ገመድና የይርዳው ጆሮ

አንድ ሙዚቃ የሚወድ የጨርቅ ነጋዴ ነበር። ስሙ መንበሩ ይባላል። ሌሎች ነጋዴዎች ቤት ላይ ቤት ሲሠሩ እሱ ያገኘውን ሁሉ የሚያፈሰው ሳሎኑ ውስጥ በደረደራቸው የሙዚቃ ዕቃዎች ላይ ነበር። ሸክላ ማጫወቻው አለ፣ አምፕሊፋየሩ አለ፣ ሰው የሚያካክሉ ሁለት ስፒከሮች አሉ። ከአምፕሊፋየሩ ጎን ደግሞ መሥራት ካቆመ ብዙ ዘመን የሆነው አሮጌ ቴፕ ለትዝታ ተቀምጧል። ሚስቱ ዘነቡ አቧራ ለማራገፍ እንኳ ፈቃድ ትጠይቅ ነበር።

እሑድ እሑድ ከምሳ በኋላ ጓደኞቹ እሱ ዘንድ ተሰብስበው ሸክላ ያዳምጣሉ። አንዱ ጠበቃ ነው፤ አንዱ ባለ መድኃኒት ቤት ነው። ሦስተኛው ይርዳው ነው፤ ከመንበሩ ጋር በአንድ ግቢ ያደገ፣ ጡረታ የወጣ የፖስታ ቤት ሠራተኛ። ይርዳው ክራር ይመታል። ሲያዳምጥ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ዘፈኑ እስኪያልቅም ቃል አይወጣውም።

ከዕለታት አንድ ቀን የሙዚቃ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ለመንበሩ አንድ ገመድ አሳየው። መብራት ከግድግዳው ሶኬት ወደ አምፕሊፋየሩ የሚወስድ ገመድ ነው፤ ውፍረቱ አውራ ጣት ያህላል፣ ጫፍና ጫፉ ወርቃማ ነው።

«እንዲህ ያለ ዕቃ ይዘው በዚያ ቀጭን ገመድ መጠቀምዎ ያሳዝናል» አለው ሻጩ። «ይውሰዱና ይሞክሩት። ልዩነት ካልሰሙ ይመልሱልኛል።»

ዋጋው ሲነገረው መንበሩ ክው አለ። ገመዱን ግን ይዞት ወደ ቤቱ ገባ።

ዘነቡ አገላብጣ አየችውና ሳቀች። «ገመድ ሥራው መብራት ማምጣት አይደለም እንዴ? የድሮው መቼ እምቢ አለህ?»

«አንቺ ይሄ ነገር አይገባሽም» አላት።

ለራሱም ቢሆን አልገባውም ነበር። ልግዛው ወይስ ልተወው እያለ ሲያወጣ ሲያወርድ ሰነበተ። በመጨረሻ ጓደኞቼ ሰምተው ይፍረዱ ብሎ ወሰነ።

እሑድ ደረሰ። መጀመሪያ በአሮጌው ገመድ አንድ ዘፈን አሰማቸው። ከዚያ ዕቃውን አጠፋፍቶ ከቡፌው ጀርባ እጁን ሰደደ። ቡፌው ከባድ ስለሆነ የሚያንቀሳቅሰው የለም፤ ከኋላው ደግሞ ገመዶቹ ተጠላልፈዋል። በዳበሳ አንዱን ነቀለ፤ በቦታው ወፍራሙን ሰካ። ያንኑ ዘፈን ደገመላቸው። ዘፈኑ ሳያልቅ ግንባሩ በደስታ ወዝቶ ነበር።

«እህሳ! ሰማችሁ?» አላቸው።

ጠበቃው ራሱን ነቀነቀ። «ኧረ ይሄማ ሌላ ነው! ዘፋኙ እኮ እዚሁ መሀላችን የቆመ ነው የሚመስለው።»

ባለ መድኃኒት ቤቱ ቀጠለ። «ከበሮው! ከበሮው ጠልቋል። ደረቴ ውስጥ ነው የመታው።»

ይርዳው ዓይኑን ገለጠ። «እኔ አልለየሁትም» አለ በቀስታ። «ሁለቱም አንድ ናቸው። ዘፈኑ ግን ሁለቴም ደስ ይላል።»

መንበሩ እንዲህ ያለ መልስ አልጠበቀም። ፊቱ ተለዋወጠ። «አንተ ደግሞ ከክራር ሌላ ምን ታውቃለህ? ጆሮህ ሞቷል ይርዳው! ሞቷል፤ ለአንተ የሚያረዳህ ጠፍቶ ነው እንጂ!»

ሁለቱ ሳቁ። ይርዳውም አብሮ ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ አልሆነለትም። ሸክላው እስኪያልቅ በጨዋ ደንብ ቁጭ አለ፤ ከዚያ ኮፍያውን አንስቶ «በሉ ደህና ዋሉ» ብሎ ወጣ። በሚቀጥለው እሑድ አልመጣም። ከዚያ በኋላ ባለው እሑድም አልመጣም። መንበሩ «ያኮርፍ እንግዲህ፣ ሲበቃው ይመጣል» አለ። ገመዱን ሊገዛው ቆርጦ ለሻጩ ነገረው።

አንድ ከሰዓት በኋላ መንበሩ ብቻውን ሸክላ እያዳመጠ ሳለ ሰማዩ ጠቆረና ነጎድጓድ መጣ። መብረቅ ዕቃ እንዳያቃጥል ሰው ሁሉ የሚያደርገውን ሊያደርግ ብድግ አለ። ከሁሉ በፊት ያሳሰበው ያ ውድ ገመድ ነውና ዕቃውን እንኳ ሳያጠፋ ሮጦ ወፍራሙን ገመድ ከሶኬቱ መንጭቆ ነቀለው።

ዘፈኑ አላቆመም።

መንበሩ ገመዱን በእጁ እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ዘፋኙ ይዘፍናል፣ ከበሮው ይመታል። ባትሪ አምጥቶ ከቡፌው ጀርባ አጎንብሶ አየ። ወፍራሙ ገመድ የተሰካው እዚያ የማይሠራው ቴፕ ላይ ነበር። አምፕሊፋየሩ አንድም ቀን ከአሮጌው ገመዱ አልተላቀቀም።

ያን እሑድ «ሰማችሁ?» እያለ የጮኸው ትዝ አለው። ከሁሉ የባሰበት ደግሞ ለማንም ያልተናገረው ነገር ነው፦ ያን ቀን መጀመሪያ ላይ ልዩነት እንዲኖር ጓጉቶ ነበር እንጂ እሱም ምንም አልሰማም ነበር። ጠበቃው «ሌላ ነው» ሲል ነው የሰማው። ይርዳው ላይ እንደዚያ የጮኸበት እሱ ራሱ ሊለው ፈርቶ የዋጠውን ነገር ስለተናገረበት ነው።

ማንም አላየውም። ገመዱን አሁን በትክክል ሰክቶ ዝም ቢል የሚያውቅበት የለም። ዝናቡ ሲያባራ በእርግጥም አስተካክሎ ሰካውና አዳመጠ። ይለያል? አይለይም? ከእንግዲህ ጆሮውን ማመን አልቻለም። ዕቃውን አጥፍቶ ኮቱን ደረበና ወደ ይርዳው ቤት ሄደ።

ይርዳው ራሱ በሩን ከፈተለት። ግድግዳው ላይ ክራሩ ተሰቅሏል፤ ጅማቶቹ ላልተው ተንጠልጥለዋል። መንበሩ ወደ ክራሩ ሲመለከት አይቶ ይርዳው «መቃኘቱን ተውኩት። ጆሮዬን አላምነው አልኩ» አለ።

መንበሩ ይቅርታ ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት ይርዳው ቀደመው።

«እንኳን መጣህ። እኔው ልመጣ ነበር» አለ ወለሉን እያየ። «ያን ቀን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ልዩነቱ ነበረ። ድምፁ ጠርቷል፣ ከበሮውም… አዎ፣ ከበሮውም ጠልቋል። ግትር ሆኜ ነው እንጂ ሰምቼዋለሁ። ይቅር በለኝና እሑድ ልምጣ።»

መንበሩ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብሎ ተመኘ። በዚያ ሳሎን ውስጥ እውነት የተናገረ አንድ ሰው ነበር፤ እሱንም መንበሩ በገዛ ምላሱ ውሸታም አድርጎታል። ያውም ይርዳው የዋሸው ጥቅም ሊያገኝበት ሳይሆን፣ የድሮ ቦታው ላይ ተመልሶ ሸክላ ሊያዳምጥ ብቻ።

«ይርዳው፣ ተው ወንድሜ፣ ተው» አለው። «የምትሰማው ነገር አልነበረም። ገመዱን የሞተው ቴፕ ላይ ነው የሰካሁት።» ሁሉንም ነገረው፤ ፈርቶ የዋጠውን ጭምር።

«ለእነሱ ነግረሃቸዋል?» አለው ይርዳው።

«አልነገርኳቸውም። መጀመሪያ አንተ ዘንድ ልምጣ ብዬ ነው።»

«መምጣትህ ደግ ነው። ግን መንበሩ፣ ስድቡ በሰው ፊት ነበር። ይቅርታው ለብቻዬ ነው?»

መንበሩ ሊሸሸው የፈለገው ያንኑ ነበር።

እሑድ ሁሉም ተሰበሰቡ። መንበሩ ሸክላ አላስቀመጠም። ቆሞ እንደ ተከሳሽ ተናገረ። ዘነቡ ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ቆማ ሰማችው፤ እሷንም አፍሮ አላያትም። ሲጨርስ ጠበቃው አንገቱን ደፋ።

«እኔ እንኳ ምንም አልሰማሁም ነበር» አለ። «ደስ እንዳለህ አይቼ፣ ለምን ላስከፋው ብዬ ነው።»

«እኔ ደግሞ እሱ ሰማሁ ሲል ደንቆሮ እንዳልባል ፈራሁ» አለ ባለ መድኃኒት ቤቱ።

ሁሉም ወደ ይርዳው አዩ፤ ይፈርድብናል ብለው ጠበቁ። ይርዳው ግን «እኔም ዋሽቻለሁ» አለ። «ሰማሁ ብዬ ለምኜዋለሁ። ዘግይቼ ነው እንጂ ከእናንተ አልሻልም።» ያን ጊዜ መንበሩ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

በማግስቱ ገመዱን ለሻጩ መለሰ። ሻጩ ገርሞት «ምነው፣ ልዩነት አልሰሙም?» አለው።

«ሰምቻለሁ» አለ መንበሩ። «ችግሩ ሳይሰካ መስማቴ ነው።»

መንበሩ ጓደኞቹን የጠራው እንዲፈርዱለት ነበር፤ ሲፈርዱ ግን የፈለገው ፍርድ አስቀድሞ ፊቱ ላይ ተጽፎ ነበር። እኛም ብዙ ጊዜ እንዲህ ነን። ሐሳብህን ንገረኝ እንላለን፤ ከእኛ ጋር የተስማማውን እናወድሳለን፣ ያልተስማማውን በሰው ፊት እናሳፍራለን። የዚያ ክፋቱ ሰውየው ማፈሩ ብቻ አይደለም። በሚቀጥለው ጊዜ ከእኛ ላለመለየት ሲል ያላየውን አየሁ፣ ያልሰማውን ሰማሁ ማለትን ይማራል። ያኔ እውነት የሚነግረን ሰው ይጠፋል፤ ያጠፋነውም እኛው ነን።

በእርስዎ ቤት ወይም በሥራ ቦታዎ አንድ ቀን «እኔ አልለየሁትም» ብሎ ከዚያ በኋላ ድምፁ የጠፋ ሰው አለ? ካለ፣ በሩን ሄደው የሚያንኳኩት እሱ ተገዶ ሳይዋሽልዎ በፊት ነው ወይስ በኋላ?