አልነሳም ያለው ኮምፒውተርና የይመር ድምፅ

ተረት ተረት ስል «የላም በረት» ብሎ የሚቀበለኝ ካለ ይቅርታ ያድርግልኝ፤ በዚህ ተረት ውስጥ ላም የለችም። ዳንቴል የለበሰ ኮምፒውተር አለ። አንድ ነገር ብቻ የፈለገች ሴትም አለች፤ ደሴ መናኸሪያ አጠገብ ማመልከቻ የምትጽፈው አጸደ።

አጸደ የፈለገችው የባሏን ድምፅ ነው። ባሏ ይመር መናኸሪያው ውስጥ ተሳፋሪ ይጠራ ነበር። እሷ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ የሰው አቤቱታ በታይፕ ስትመታ፣ እሱ ከውጭ «ሐይቅ፣ ውጫሌ፣ ውርጌሳ፣ መርሳ፣ ወልዲያ» ይላል። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ኖሩ። ታይፑ ሄዶ ኮምፒውተር ሲመጣም ጥሪው አልተቋረጠም። እንዲያውም አንድ ቀን «አመልካች» ብላ መጻፍ ሲገባት «ውጫሌ» ብላ ጻፈች፤ ባለጉዳዩም ልብ አላለ፣ ዳኛውም ልብ አላለ። ደግ ዘመን ነበር።

ይመር ከሞተ አራት ዓመት ሆነው። ፊቱ አልጠፋትም፣ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። እየራቃት የሄደው ድምፁ ነው። በዚህ ሰሞን ጥሪውን ላስታውስ ስትል የምትሰማው የራሷን ድምፅ ሆነ፤ ይሄ አስፈራት። ድሮ በስልክ የተቀዳች የሁለት ደቂቃ ጥሪ ኮምፒውተሩ ውስጥ አለች። ስልኩ ጠፍቷል፣ ሌላ ቅጂ የለም። ስለዚህ አንድ ጠዋት ዳንቴሉን ገለጥ አደረገችና «በል የባሌን ድምፅ ስጠኝ» አለችው።

«አልሰጥም» አለ ኮምፒውተሩ። ጥቁር ፊቱ ላይ ሁለት ነጭ መስመር ጽፎ ቀጥ አለ። «መነሳት ያቃተው ምን ይሰጣል? ቫይረስ ደረቴ ላይ ተቀምጧል። እሱ ሲለቀኝ እሰጥሻለሁ።»

አጸደ ወደ ቫይረሱ ዞረች። «ኮምፒውተሩ ድምፁን አልሰጥም አለ። ኮምፒውተሩን ልቀቀው።»

«አልለቅም» አለ ቫይረሱ። «ከሞቀ ቤት በልመና የወጣ ማን አለ? የሚገርፈኝ ሲዲ ከመጣ ያኔ እንነጋገራለን።»

ሲዲው ያለው እንድሪስ ዘንድ ነው። እንድሪስ ከመናኸሪያው ማዶ ኮምፒውተር የሚጠግን፣ ከጥገናው ይልቅ ቁጣው የሚታወቅ ሰው ነው። አጸደ ነጠላዋን አጣፍታ ተሻገረች። እንድሪስ ደንበኛ ይዞ ስለነበር በመሳቢያው ክፍተት አጎንብሳ ሲዲውን አየችው።

«ኮምፒውተሩ ድምፁን አልሰጥም አለ፤ ቫይረሱ ኮምፒውተሩን አልለቅም አለ። አንተ ቫይረሱን ግረፍልኝ።»

«አልገርፍም» አለ ሲዲው። «በእግሬ ልሂድልሽ? እንድሪስ ያውጣኝና እገርፋለሁ።»

ደንበኛው ሲወጣ አጸደ ለእንድሪስ ነገረችው። «ኮምፒውተሩ ድምፁን አልሰጥም አለ፤ ቫይረሱ ኮምፒውተሩን አልለቅም አለ፤ ሲዲው ቫይረሱን አልገርፍም አለ። አንተ ሲዲውን አውጣልኝ።»

«አላወጣም፣ እትዬ አጸደ» አለ እንድሪስ። ካቻቢቴውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ሁለት ጊዜ አጽድቼልዎታለሁ። ሁለቴም ያንን ፍላሽ መልሰው ሰኩት። ሦስተኛ ከሰኩት ቫይረሱ ድምፁን ይበላዋል፣ ያኔ እኔን እንዳይወቅሱኝ። ፍላሹን አምጡና እጄ ላይ አስቀምጡት። ከዚያ አወጣለሁ።»

እንድሪስ እውነቱን ነው። ፍላሹ የልጇ ሰርግ ያለበት ነው። ጎረቤት ሁሉ ሰርጉን ልይ እያለ ተዋሰው፣ እሷም አዋሰች። እንግዲህ በዚያ ሰፈር የሰው ሰሃን ባዶውን አይመለስም። ቆሎም ቢሆን፣ ሁለት እንቁላልም ቢሆን ይደረግበታል። ፍላሹም ዕቃ ነው ተባለና ባዶውን የሚመልስ ጠፋ። ጸጉር አስተካካዩ መዝሙር ጨመረበት፣ ልብስ ሰፊው መንዙማ ጨመረበት፣ አንዷ የልጇን የምረቃ ፎቶ ጨመረችበት። ቫይረሱም ከስጦታው ጋር ታዝሎ ገባ። ያንን ሰፈር ያጠቃው ክፋት ቢሆን ኖሮ በር በዘጉበት ነበር፤ ደግነት ሆኖ ተቸገሩ።

አጸደ ፍላሹን ፍለጋ ወጣች። ጸጉር አስተካካዩ «ለልብስ ሰፊው ሰጠሁት» አላት። ልብስ ሰፊው «ከእማማ ዘሀራ ዘንድ ነው» አላት። እማማ ዘሀራ ዳገቱ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። ደጁ ክፍት ነበር፣ እሳቸው ጓሮ ነበሩ። ፍላሹ ቴሌቪዥኑ ጎን እንደተሰካ አየችው።

«ኮምፒውተሩ ድምፁን አልሰጥም አለ፤ ቫይረሱ ኮምፒውተሩን አልለቅም አለ፤ ሲዲው ቫይረሱን አልገርፍም አለ፤ እንድሪስ ሲዲውን አላወጣም አለ። አንተ እንድሪስ ዘንድ ሂድልኝ።»

«አልሄድም» አለ ፍላሹ። «እንግዳ የቤቱ እመቤት ሳትሸኘው ይሄዳል? እማማ ዘሀራ ይመልሱኝና እሄዳለሁ።»

እማማ ዘሀራ ገቡ። አጸደን ሲያዩ ሻሻቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ፣ እንደ ማፈር ብለው። አጸደ ሰላምታዋን ጨርሳ ጀመረች። «እማማ፣ ኮምፒውተሩ ድምፁን አልሰጥም አለ፤ ቫይረሱ ኮምፒውተሩን አልለቅም አለ፤ ሲዲው ቫይረሱን አልገርፍም አለ፤ እንድሪስ ሲዲውን አላወጣም አለ፤ ፍላሹ እንድሪስ ዘንድ አልሄድም አለ። ፍላሹን ይመልሱልኝ።»

«አልመልስም፣ ልጄ» አሉ እማማ ዘሀራ። «ምን ይዤ ልመልስልሽ? ሰው ሁሉ አንድ አንድ ነገር አድርጎበታል። የኔ ቴሌቪዥን ማሳየት እንጂ መጨመር አያውቅም። ሦስት ወር ሙሉ በሌላ መንገድ ዞሬ የማልፈው አንቺን አፍሬ ነው።»

«ባዶውን ይስጡኝ፣ እማማ።»

«ነውር ነው። በዚህ ዕድሜዬ ባዶ ዕቃ አላስይዝም።»

አጸደ መደቡ ላይ ቁጭ አለች። ደክሟት ነበር። የተቀጠለውን ሁሉ ተወችና የመጀመሪያውን ብቻ ተናገረች። «የይመር ድምፅ እየጠፋኝ ነው፣ እማማ። ስሙን እጠራለሁ፣ ፊቱ ይመጣል፤ ሲጣራ ግን አይሰማኝም። እዚያ ውስጥ ነው ያለው። ሌላ የለኝም።»

እማማ ዘሀራ አጠገቧ ተቀመጡ። «ወልዲያ እህቴ ታማ በየሳምንቱ ስመላለስ፣ የመስኮቱን ቦታ የሚይዝልኝ ማን ይመስልሻል? ይመር ነው። ኮቱን አውልቆ ወንበሩ ላይ ያደርግና ‹ይሄ የእናቴ ቦታ ነው› ይላል። እናቱ አይደለሁም። አንድ ቀን በዝናብ ዘግይቼ ብመጣ፣ ሹፌሩ ጥሩምባ ይነፋል፣ ሰው ይጮኻል፣ እሱ በሩ ላይ ቆሞ መኪናውን አላስወጣም አለ። ኮቱ ወንበሩ ላይ፣ እሱ በሸሚዝ፣ ዝናቡ እየወረደበት። እህቴን በሕይወት የደረስኩባት የዚያን ቀን ነው።»

አጸደ ይህን አታውቅም ነበር። ያን ቀን በስብሶ ሲገባ «ኮትህን ምን አድርገኸው ነው» ብላ እንደተቆጣችው ግን ትዝ አላት። አለቀሰች፤ እማማ ዘሀራም ትከሻዋን ይዘው አለቀሱ።

«ይሄንን ታሪክ ጨምሬበታለሁ በይ» አሉ እማማ ዘሀራ፣ እንባቸውን በሻሻቸው ጠርገው። «ባዶውን አልመለስኩም። አላህ ድምፁን ያሰማሽ።» ተነሱ፣ ፍላሹን ነቀሉ፣ መዳፏ ላይ አስቀመጡላት።

ከዚያማ ማን ያቆመው። እማማ ዘሀራ ፍላሹን መለሱ፤ ፍላሹ እንድሪስ ዘንድ ሄደ፤ እንድሪስ ሲዲውን አወጣና ወደ አጸደ ቤት ይዞት ተሻገረ፤ ሲዲው ቫይረሱን ገረፈ፤ ቫይረሱ ኮምፒውተሩን ለቀቀ፤ ኮምፒውተሩ ተነሳና ድምፁን ሰጠ።

መጀመሪያ የመኪና ሞተር ተሰማ፣ የሰው ጫጫታም። ቀጥሎ ይመር መጣ። «ሐይቅ፣ ውጫሌ፣ ውርጌሳ፣ መርሳ፣ ወልዲያ።» «ውርጌሳ» ላይ ድምፁን እንደሚያነሳት፣ «መርሳ» ላይ እንደሚያሳርፋት ረስታው ነበር። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሰማች። እንድሪስ ካቻቢቴውን ያጣ ይመስል ኪሱን ይፈትሽ ጀመር።

ሁለቱ ደቂቃ ሊያልቅ ሲል ጥሪው ተለወጠ። ይመር ሳቅ እያለ፣ ድምፁን ወደ መስኮቷ አዙሮ፣ «አንድ ሰው ቀረኝ» አለ። «አንድ ሰው ብቻ። እሷ ከገባች እንሄዳለን።»

አጸደ ሳቋ አመለጣት፣ እንባዋም ከነሳቋ ወረደ።

«ትንሽ ታገሠኝ፣ ይመር» አለችው። «እጄ ላይ ጽሑፍ አለ።»

ከዚያም እንደገና ከመጀመሪያው ከፈተችው። መንገድ ያለው ይቀጥል፤ እኔ እዚህ ላይ ወራጅ ነኝ።