የጥንቸሊት ጠጉር

ተረት ተረት፤ ያዘነ ይስማኝ፣ የደላው ይለፈኝ።

ጥንቸሊትን የበደለቻት ሹራብ ሠሪዋ ወይዘሮ ይርገዱ ናት፤ ስሟ አይደበቅም። በየማለዳው የጥንቸሊትን ጠጉር በማበጠሪያ ትነጫለች፣ በእንዝርት ትፈትላለች፣ በሁለት መርፌ ብርድ ልብስ ትሠራበታለች። «አይዞሽ፣ ስትወልጂ ልጆችሽን የማለብሰው ነው» እያለች ታባብላታለች። ጥንቸሊትም ኩሩ ናትና እያመማት ዝም ትላለች።

ጥንቸል ስትወልድ የገዛ ደረቷን ጠጉር ነጭታ ነው ለልጆቿ የምታነጥፈው። ቀኗ ሲደርስ ግን ደረቷ እንደ መዳፍ ተመልጦ የሚነጭ ጠፋ። ብርድ ልብሱም ያን ዕለት አለቀና ወይዘሮ ይርገዱ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችው።

«እመቤቴ፣ የልጆቼስ?» አለች ጥንቸሊት።

«ብርድ ልብስ አማረው ደግሞ የጥንቸል ልጅ! ዞር በይ፣ ጠጉርሽን እንዳታራግፊብኝ።»

ፈሪዋ ዶሮ ከቆጧ ሆና፣ «እህቴ፣ ዝም ይሻላል፤ ድስት አለ» አለቻት።

«ድስቱስ ለአንቺ ነው። የእኔን ሥጋ አይበሉም፤ ከነነፍሴ ነው የሚገፍፉኝ።»

አራት ወለደች። ሳይነጋ ሁለቱን ብርድ ገደላቸው።

ጠዋት ወይዘሮ ይርገዱ ብርድ ልብሱን ወንበር ላይ ጥላ ልትታጠብ ወጣች። ጥንቸሊት ሲሠራ አጠገቡ ውላለችና የመጨረሻው ቋጠሮ የት እንዳለ ታውቃለች። በጥርሷ ፈታችው፤ ረድፍ በረድፍ እየተረተረች ክሩን ሁሉ ወደ ጉድጓዷ ጎተተችው። ግማሹን ለቀሩት ልጆቿ አነጠፈችው፤ በግማሹ የሞቱትን ገነዘቻቸው።