የሾላ መልካ ቀብድ

በዓባይ ዳር ሾላ መልካ በምትባለው መንደር ቤት የሚያሠራም ሆነ በሬ የሚገዛ ሰው እስከ ዛሬ ቀብድ የሚያደርገው ጨው ነው። በሌላው አገር ቀብድ ማለት ውል የሚታሰርበት ገንዘብ ነው፤ ሰጪው ይሰጣል፣ ተቀባዩ ኪሱ ይከታል፣ ከዚያ በኋላ ማን ያግኘው። በሾላ መልካ ግን የአሞሌ ጨው ጥግ ተሰብሮ ከሾላው ሥር ባለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ይቀመጥና ሁለቱም ወገኖች ይልሱታል። ከመላሳቸው በፊት የመንደሩ ሽማግሌ ቀብድ ተቀባዩን፣ «ማዶው የት ነው?» ብለው ይጠይቁታል። እንግዳ ሰው የሚስቀው እዚህ ላይ ነው፤ በወንዙ ላይ ድልድይ ከተሠራ ቆይቷልና።

ሽማግሌዎቹ እንደሚሉት፣ አሞሌ ገንዘብ በነበረበት ዘመን ቀብዱን የሚልሰው ዋናተኛው ብቻ ነበር። በተነፋ ስልቻ ሰው የሚያሻግሩት ዋናተኞች ከተሻጋሪው አሞሌ ጥጉን ሰብረው እፊቱ ይልሱታል፤ የተላሰ ጨው ለባለቤቱ አይመለስምና ከዚያ ወዲያ ውሃው ቢሞላም ባይሞላም መግባት ግድ ነው። ልሶ የቀረ ዋናተኛ እሳት የሚያስጭረው ጎረቤት፣ ሲሞትም የሚቀብረው ዘመድ አያገኝም ነበር ይባላል።

አንድ ዘመን ክረምቱ ሊገባ ሲል ትርንጎ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ያላትን አንዲት አሞሌ ይዛ ወደ መልካው፣ ወደ ወንዙ መሻገሪያ፣ ወረደች። ይመኑ የሚባለው አንድ ልጇ በማዶ ገበያ የሰው በቅሎ ነድተሃል ተብሎ በአገሩ ሹም እጅ ወድቆ ነበር፤ ገበያው ሳይበተን ደርሳ ዋስ ካልሆነችው ወደ ቆላ ለሚወርዱ ነጋዴዎች ሊሸጥ ነው። ይህን የነገረችው ደባልቄ ለሚባል፣ ከዋናተኞቹ ሁሉ ደፋር ለነበረ ሰው ነው። ደባልቄም አሞሌዋን ተቀብሎ ጥጉን ሰብሮ ላሰና የቀረውን ድንጋዩ ላይ አኖረው።

ምላሱን ገና ሳይሰበስብ ከላይ አገር የዘነበው ዝናብ ደረሰ። ሌላ ጊዜ እያሳሳቀ የሚወስደው ውሃ ያን ዕለት ሳቁን ትቶ፣ ደፍርሶ፣ ግንድ እያገለባበጠ መጣ። ደባልቄ ስልቻውን ነፍቶ፣ «ልሞክረውና ካስኬደ እርስዎን እወስዳለሁ» ብሎ ገባ፤ ውሃው ግን ወዲያው ነጥቆ ከታች ካለው ቋጥኝ ጋር አላተመውና ደረቱ ተልጦ፣ በሣር ተንጠልጥሎ ወጣ።

«ይነሡ እናቴ» አላት እጁን ዘርግቶ። «ልሻለሁ።»

በዳር ከቆመው ሰው የከለከለው የለም፤ የላሰን ሰው «አትግባ» ማለት ነውር ነበርና። ትርንጎ ማዶውን አየች፤ ከአፋፉ ላይ የገበያው ሰው ሲተራመስ ይታያል። አብራው ብትገባ ሁለቱም ሞተው ልጇ ያለ ዋስ ሊቀር ነው፤ ብትቀርም ልጇ ሊሸጥ ነው። ከዚያ ጎንበስ ብላ ከድንጋዩ ላይ የቀረውን ጨው አነሣች።

«አንተ ልሰህ ልትገባ ታሰርክ» አለችው። «እኔ ደግሞ ልሼ ላላስገባህ እታሰራለሁ።»

ላሰችም። ሰው ደነገጠ፤ ቀብድ ሰጪ ቀብድ ሲልስ ታይቶ አይታወቅም። ደባልቄም በዚያው ድንጋይ አጠገብ ቁጭ አለ፣ እሷም አጠገቡ ተቀመጠች፣ የማዶው ገበያ እያዩት ሳሳ፣ ከዚያም ተበተነ።

ውሃው ሲጎድል አሻገራት። ማዶ ወጥተው ቢጠይቁ ይመኑ ተሸጦ መንገድ ገብቷል። ትርንጎ አላለቀሰችም የሚሉ አሉ፤ እኔ ይህን አላምንም፤ እናት ናትና አልቅሳለች። ደባልቄን ግን አልረገመችውም።

«ማዶ አድርሰኸኛል፤ ውልህ አልቋል። ወደ ቤትህ ግባ» አለችው።

ደባልቄ ስልቻውን ከትከሻው አውርዶ አስተነፈሰው።

«ማዶው ልጁ ካለበት ነው» አለና ከፊት ከፊቷ መንገዱን ያዘ፤ ከወንዙ ድምፅ ርቆ አድሮ የማያውቅ ሰው።

ልጁን አግኝተውት እንደሆነ ሽማግሌዎቹ አይስማሙም። ግማሾቹ ሦስቱም ከዓመታት በኋላ ተመልሰው ወለዱ ከበዱ ይላሉ፤ ግማሾቹ የተመለሰ የለም ይላሉ። ሁለቱ የላሱትን አሞሌ ግን ማንም ሳይነካው ዝናብ አሟሟው፤ ድንጋዩም ጎድጎድ ብሎ የቀረው ከዚያ ወዲህ ነው ይባላል።

ዛሬም ሽማግሌው «ማዶው የት ነው?» ሲሉ፣ ሥራው ጣራ መክደንም ይሁን ጉድጓድ መቆፈር፣ መልሱ «ልጁ ካለበት» ነው። ባለፈው ዓመት ከከተማ የመጣ አንድ ግንበኛ፣ «አባቴ፣ እኔ የምሠራው አጥር ነው፤ የምን ልጅ ነው?» ብሎ ሳቀ። ሽማግሌው አልሳቁም። ጥያቄውን ደግመው ጠየቁት፣ ጥቂት ጠበቁት፣ ከዚያ ማንም ያልላሰውን ጨው ከድንጋዩ አንሥተው በኩታቸው ጫፍ ቋጠሩና ወደ ቤታቸው ሄዱ።