የቢሻው ዓይንና ዳማዋ በቅሎ

አጠገቡ ያለውን ትቶ ሩቅ ለሩቅ የሚባዝን ሰው ሲያጋጥማቸው የወይን አምባ ሽማግሌዎች ጣል የሚያደርጓት አንዲት አጭር ቃል አለች። ሰው ሁሉ ይላታል፤ ከምን እንደ ተነሣች የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። የተነሣችው ከቢሻው ዓይን ነው።

ቢሻው ትዕግሥት የሌለው ሰው ነበር። ዛሬ የዘራውን ነገ ካልበቀለ ብሎ አፈሩን የሚጭር። ይህ ሰው ከሀብቱ ሁሉ የሚኮራባት ቀላ ያለች ዳማ በቅሎው ከግጦሽ ተሰረቀችበት። ሦስት ሳምንት ሲንከራተት ቆይቶ በሐሙስ ገበያ ጓንጉል ከሚባል ነጋዴ በቅሎዎች መካከል አገኛት። ጓንጉል ግን፣ "አምስቱንም ገዝቼ ነው። አምስቱም ዳማ ናቸው፤ የእሱ የትኛዋ እንደሆነች ይንገረኛ!" ብሎ ተከራከረ።

የአገሩ ዳኛ ባላምባራስ ይመኑ ነገሩን እንዲህ ቆረጡት፦ "ቅዳሜ ቀትር ላይ አምስቱ ይሰለፋሉ። ቢሻው ከሚዘረጋው ገመድ ወዲህ ቆሞ፣ ሳይጠራ፣ ሳይነካ፣ አንዴ ይጠቁም። ካወቃት ይውሰዳት፤ ከሳተ ዳግም አይጠይቅም።"

"የኋላ ግራ እግሯ ላይ ክር የመሰለ ነጭ አለባት፤ ከሺህ በቅሎ መካከል እለያታለሁ!" አለ ቢሻው። ጎረቤቱን ሽማግሌውን አባ ይርጋንም ዋስ ጠራ።

ዓርብ ሌሊት ታዲያ እንቅልፍ ከየት ይምጣ? ለዳኛው የሚናገረውን ሲያወጣ ሲያወርድ፣ ከምድጃው ጢስ ፊት ሲቀመጥ ሲነሣ፣ ደጅ ወጥቶ ሰማዩን ሲያይ ነጋ። ሲነጋ ዓይኑ አሸዋ የተበተነበት መሰለው። የበሩ መቃን ሁለት ሆኖ ታየው።

"አስካለ! ኧረ ዓይኔ ደፈረሰብኝ!"

ሚስቱ አገጩን ይዛ ወደ ብርሃን አዞረችው። "እንዴት አይደፈርስ? ሌሊቱን ሙሉ መች ከደንከው! ቀትር እንደሆነ ገና ነው። የዓይንህን ቆብ ግጠምና ጋደም በል፤ እኔ እቀሰቅስሃለሁ።"

"በቅሎው የተሰረቀበት ሰው ይተኛል? ለታመመ ዓይን መድኃኒት ነው እንጂ!"

ቀዝቃዛ ውሃ ረጨበት፤ አልጠራም። በጋቢው ጫፍ አሸው፤ ባሰበት። ጎረቤት ሮጦ ጤና አዳም አስጨመቀና ጠብ አስደረገበት፤ ነደደው። አባ ይርጋን ይዞ መንገድ ከጀመረ በኋላም ያገኘውን ሁሉ ይጠይቅ ጀመር። አንዱ፣ "ሽንኩርት ያስለቅሳል፣ እንባ ደግሞ ያጠራል" አለው፤ ሽንኩርት ፈልጦ ዓይኑ ሥር አስጠጋው። ወንዙ ማሻገሪያ ላይ ሌላው፣ "ሎሚ ነው እድፉን የሚቆርጠው" አለው፤ ያንንም ጠብ አደረገበት። ጮኸ፣ ዘለለ፣ ደግሞ አሸው።

"ልጄ፣ ተው አትሸው" አሉት አባ ይርጋ። "እዚህ ጥላ ሥር አረፍ እንበል።"

"ሰዓቱ እየሄደ እኮ ነው፣ አባ!"

ሸንጎው ዘንድ ሲደርስ ዓይኑ አብጦ፣ በርበሬ መስሎ ነበር። ባላምባራስ ይመኑ አዩትና፣ "ምን ሆነህ ነው አንተ? ካሻህ ለሳምንት ላቆየው" አሉት።

ቢሻው ጓንጉል ሲስቅ የሰማ መሰለው። ፈራ እንዳይባል ቸኮለ። "የለም ጌታዬ፤ አሁኑኑ ይሁንልኝ!"

በቅሎዎቹ ተሰለፉ። ለእሱ የታየው ግን አንድ ቀላ ያለ ጉም ብቻ ነበር። አንገቱን አሰገገ፣ ዓይኑን አጠበበ፣ ከዚያ ከዳር ሁለተኛዋ እግር ላይ አንዲት ነጭ ክር አየ።

"ያችውላችሁ!"

የዳኛው አሽከር ጎንበስ ብሎ የበቅሎዋን እግር በእጁ ጠረገው። ነጩ ነገር ረገፈ፤ ገለባ ነበር። ባላምባራስ ይመኑም አንገታቸውን ደፍተው፣ "የተፈረደው ተፈርዷል" አሉ።

ቢሻው ከሸንጎው ወጥቶ የቤቱን መንገድ ያዘ። ከመንገዱ ዳር ካለ ገደል አፋፍ ሲደርስ ከግራር ሥር ተጠቅልሎ ወደቀ፤ አባ ይርጋም አጠገቡ ተቀመጡ። የሚቸኩልለት ነገር አልቆ ነበርና እንቅልፍ ወሰደው።

ሲነቃ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ቀና አለ። ከማዶ ገደል ላይ የበቀለውን ሣር አንድ በአንድ አየው። ወደ ቆላው የሚወርደውን ጠመዝማዛ መንገድ፣ በመንገዱም ጓንጉልን፣ ከፊቱ አምስት በቅሎዎችን አየ። ሦስተኛዋ ድንጋይ ከመርገጧ በፊት አንገቷን ነቅነቅ አደረገች። እንደዚያ የምትራመድ በዓለም ላይ አንዲት በቅሎ ብቻ ነበረች።

"እሷ ናት! አባ፣ ሦስተኛዋ!" ጥቂት ሮጠ፤ ከዚያ ፍርዱ ትዝ አለውና ቆመ። እጁ ተንጠልጥሎ ቀረ። "አሁን እንዴት ጠርታ ታየችኝ? ተኝቼ ሳለ ምን መድኃኒት አደረጉልኝ?"

አባ ይርጋ በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ፤ በቅሎዎቹ ከመንገዱ እጥፋት ኋላ እስኪሰወሩ አብረውት አዩና እንዲህ አሉት፦ "ዓይን ቆቡን ንቆ፣ መድኃኒት ፈለገ ርቆ።"