የወፍጮ ቤቱ ምስክር

አንድ ሰው ነበረ። መምህር ነው። ቀደም ሲል አገለግልባት በነበረች አነስተኛ ከተማ፣ በርበሬ በሚበቅልበት አገር፣ በቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ውስጥ ያስተምር ነበር። ስሙን አልነግራችሁም። ታሪኩን እንድናገር የፈቀደልኝ ራሱ ነው። “እኔ መናገር አቅቶኛል፤ አንተ ለሰው ንገርልኝ” አለኝ።

አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ይህን ታሪክ ስናገር እፈራለሁ። ስብከት የሚፈራ ሰባኪ አይታችሁ የማታውቁ ከሆነ ዛሬ እዩ።

ሰውየው ክፉ አልነበረም። ክፉ ቢሆን ኖሮ እኔም እናንተም እፎይ ብለን እንሰማው ነበር። ሚስቱን የሚወድ፣ ተማሪ የማያንጓጥጥ፣ ከጎረቤት ለቅሶ የማይቀር ሰው ነው። አንድ ነገር ብቻ ነበረበት። ክርክር ይወዳል። የት? ስልኩ ላይ።

በከተማዋ አራት ሺህ ሰው ያለበት የቴሌግራም ግሩፕ ነበረ። መምህሩ እዚያ ውስጥ ውሎ እዚያ ያመሻል። ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ይከራከራል፤ መሪ ጨብጦ አያውቅም። ስለ ዶላር ምንዛሪ ይከራከራል፤ ዶላር በእጁ ነክቶ አያውቅም። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ስንቱን ሰው ከሥራ እንደሚያስወጣ፣ ጦርነቱ የት ላይ እንደሚቆም፣ የትኛው ፋብሪካ በስንት ወር እንደሚዘጋ ያውቃል። ትስቃላችሁ? ሳቁ። ግን እየሳቃችሁ ኪሳችሁን ዳበስ አድርጉ። እዚያ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

አንድ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ፣ የገበያ ቀን ነው፣ ክርክሩ ስለ ወፍጮ ቤት ሆነ። በርበሬና ሽሮ በዘመናዊ ማሽን ፈጭቶ ከሚያሽግ ፋብሪካ ይገዛ ወይስ የሰፈር ወፍጮ ቤት ይቀጥል? መምህሩ ለፋብሪካው ቆመ። “ወፍጮ ቤት ኋላ ቀር ነው፤ ባዕድ ነገር እየቀላቀሉ ነው የሚያበሉን” ብሎ ጻፈ። ይኼኔ ራሱን “የገበሬው ልጅ” ብሎ የሚጠራ አንድ ሰው ብድግ አለበት።

“ወሬ አታብዛ። በዓይንህ ያየኸው አለ? ካለ ተናገር። ከሌለ ዝም በል” አለው።

ዝም በል! በአራት ሺህ ሰው ፊት! መምህሩ ፊቱ እንደ ጋለ ነግሮኛል። አስቡት እስቲ። ቤቱ ውስጥ ብቻውን ነው የተቀመጠው። የሚያየው ሰው የለም። ግን አፈረ፤ የሚመልሰው ነገር መፈለግ ጀመረ።

አንድ ነገርም ትዝ አለው። ሐሙስ ዕለት ሚስቱ ያስፈጨችውን ሽሮ ሊያመጣ ወፍጮ ቤት ሄዶ ነበር። ባለቤቷ እትዬ ብርነሽ፣ ሃምሳ ዓመት ያለፋት ሴት፣ ከጆንያ ፉርሽካ እየዘገነች በበርበሬው ወፍጮ ውስጥ ትጨምር ነበር። ፉርሽካ ታውቃላችሁ፣ የስንዴ ገለፈት፣ ለከብት የሚሰጠው። ከታች ቀይ ሆኖ ይወጣል። መምህሩ ይህን በዓይኑ አየ። ቸኩሎ ነበርና ሽሮውን ተሸክሞ ወጣ። አልጠየቀም።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ እንዲህ ብሎ ጻፈ፤ “አዎ፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ሐሙስ ዕለት ከገበያው በታች ባለው ወፍጮ ቤት ባለቤቷ ራሷ በርበሬ ላይ ፉርሽካ ስትቀላቅል አይቻለሁ።”

ልብ በሉልኝ። በርበሬ አላየም። ያየው ፉርሽካ ነው። በርበሬውን የጨመረው ክርክሩ ነው።

“ስሟን አልጠራሁም እኮ” ይለኝ ነበር ደጋግሞ። ወገኖቼ፣ ከገበያው በታች ስንት ወፍጮ ቤት ያለ ይመስላችኋል? አንድ።

ግሩፑ በጭብጨባ ተሞላ። መምህሩ አሸነፈ! ደስ ብሎት ምሳውን በላ። የበላው ወጥ በማን ወፍጮ በተፈጨ በርበሬ ነበር የተሠራው? በእትዬ ብርነሽ ወፍጮ። ጣፍጦትም በላ።

ስምንት ሰዓት ላይ ወደ ገበያ ሊወርድ ባጃጅ ያዘ። ሹፌሩ ወደ ኋላ ዞር አለና፣ “መምህር፣ ሰምተዋል?” አለው። “በበርበሬ ሰው ተመርዟል። ሸክላ እየፈጩ ሲያበሉን ኖረዋል። ሁለት ሕፃናት ሞተዋል አሉ።”

“ማን ነው ያየው?” አለ መምህሩ።

“አንድ የተማረ ሰው በዓይኑ አይቶ ጽፏል። የተማረ ሰው ደግሞ ዝም ብሎ አይጽፍም።”

መምህሩ ስልኩን ከፈተ። የጻፋት ሁለት መስመር ከከተማዋ ግሩፕ ወጥታ ሌላ ግሩፕ ገብታለች፤ ከዚያም ሌላ። አንዱ የወፍጮ ቤቱን ፎቶ ለጥፎበታል። ሌላው ከየት እንዳመጣው የማይታወቅ፣ አልጋ ላይ የተኙ ሕፃናት ፎቶ ጨምሮበታል። ፉርሽካው ሸክላ ሆኗል፤ ሸክላው መርዝ ሆኗል። ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት ይባላል። ሐሳብ ማን ጨመረ? የጨመሩት ሞት ነው። ከሁሉም በላይ ግን የእሱ “በዓይኔ አይቻለሁ” እንደ ማኅተም ተቀምጧል።

ባጃጁ መንገዱ በሰው ተዘግቶበት ቆመ። መምህሩ ወርዶ በእግሩ ሄደ። ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ በገበያተኛ ተሞልቷል። ዱላ የያዘ አለ፤ ድንጋይ የያዘ አለ። እትዬ ብርነሽ ሽርጧን እንዳደረገች በር ላይ ቆማለች፤ ከኋላዋ ሞተሩ ይሠራል። የወፍጮ ቤቱ ፈጪ ሸምሱ ላብ አጥምቆት ይጮኻል።

“ኸረ ስሙን! ረቡዕ ድንጋዩን ወቅረነው ነው! የተወቀረ ወፍጮ አሸዋ ይተፋል። ፉርሽካ ካልፈጨንበት አሸዋው በርበሬያችሁ ውስጥ ይገባል። የፈጨነውን ፉርሽካ ደፍተነዋል፤ ኑና ጓሮውን እዩት!”

ገባችሁ? የወፍጮ ድንጋይ ሲዶለዱም በመዶሻ ይወቀራል። ሲወቀር ብናኝ ይቀርበታል። ያንን ለማጥራት ፉርሽካ ይፈጭበትና ይጣላል። ቀይ ሆኖ የወጣው የቆየው በርበሬ ድንጋዩ ላይ ስለቀረ ነው። ሴትየዋ ሐሙስ ዕለት ታደርገው የነበረው እነዚህ ዱላ የያዙ ሰዎች አሸዋ እንዳይበሉ ነበር! ወፍጮ ቤት የምትመላለስ ሴት ሁሉ ይህን ታውቃለች። የመምህሩ ሚስት ታውቃለች። ምሳ ሲበላ ከፊቱ ተቀምጣ ነበር። ቢጠይቃት በአንድ ቃል ትነግረው ነበር።

ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል የሚያውቁ ሴቶች አልነበሩም ወይ? ነበሩ። ፈርተው ዝም አሉ።

ያን ጊዜ እትዬ ብርነሽ መምህሩን ከሰው መሃል አየችው። ፊቷ በራ።

“መምህር! እግዜር ነው ያመጣዎት!” አለች። “እርስዎ የተማሩ ነዎት፣ እርስዎን ይሰሙዎታል። ባለቤትዎ አሥራ አንድ ዓመት እዚህ አስፈጭታለች። አንድ ቀን ባዕድ ነገር አግኝታለች? ይንገሩልኝ! በልጆችዎ ይንገሩልኝ!”

ሕዝቡ ዞረ። ሁሉም መምህሩን አየው። የሞተሩ ድምፅ ብቻ ቀረ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? ቶሎ አትመልሱ። መምህሩ የነገረኝ እንዲህ ነው። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ሳያቋርጥ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያኔም ሰዎች “ጀግና” እያሉ ይጽፉለታል። “የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ሳልጠይቅ ነው የጻፍኩት” ቢል ዱላው ወደ እሱ እንደሚዞር ታየው።

“እኔ እንጃ” አለ። “እኔ ምን አውቃለሁ፣ እትዬ ብርነሽ።”

ወገኖቼ! ረፋድ ላይ በአራት ሺህ ሰው ፊት “በዓይኔ አይቻለሁ” ያለው ሰው፣ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ በአንዲት ሴት ፊት “እኔ እንጃ” አለ! የማያውቀውን ሲጠየቅ አወቀ። የሚያውቀውን ሲጠየቅ አላወቀም።

አንዱ ከኋላ፣ “አያችሁ! እሱም መመስከር አልቻለም!” ብሎ ጮኸ። ሕዝቡ ገፋ። እትዬ ብርነሽ ወደ ውስጥ ገብታ በሩን ልትዘጋ ሞከረች። በሩን ገፉባት። ወደ ኋላዋ ስትወድቅ የሞተሩ ቺንጋ፣ ወፍጮውን የሚያዞረው ቀበቶ፣ ቀኝ እጇን ያዘው። ሸምሱ ዘሎ ሞተሩን እስኪያጠፋ ድረስ የሆነውን አልናገርም፤ ሕፃናት አሉ። ጩኸቷን ሲሰማ ያ ሁሉ ሰው ተበተነ። ሐኪሞች እጇን ከክርኗ በታች ቆረጡት።

ሁለቱ ሕፃናትስ? የሞተ ሕፃን አልነበረም። በበርበሬ የታመመ ሰውም አልነበረም። ግሩፑም ያን ዕለት ማታ ዝም አለ። እሑድ ስለ እግር ኳስ ክርክር ተጀመረ።

ማክሰኞ መምህሩ እኔ ዘንድ መጣ። መቀመጥ እንኳ አልቻለም። “ጽሑፉን አጥፍቼዋለሁ” አለኝ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም እንላለን። የጣት ወለምታስ በምን ይታሻል?

“ሄደህ ንገራት” አልኩት።

“እፈራለሁ” አለ።

“ምኑን? ፖሊስ ይይዘኛል ብለህ ነው?”

“እሱንስ እችለዋለሁ። ሚስቴ ሆስፒታል ልትጠይቃት ሄዳ ምን እንዳለቻት ታውቃለህ? ‘መምህሩ አደራ እንዳያዝኑ። ደንግጠው ነው እንጂ ይመሰክሩልኝ ነበር። ለእሳቸው እጸልያለሁ’ አለቻት። እሷ ለእኔ ትጸልያለች! እንዲህ የምትለኝን ሴት በምን ፊቴ ልያት?”

አሥራ አንድ ወር ሆነው። አልሄደም። ገበያ የሚወርደው በሌላ መንገድ ዞሮ ነው። እሷም እስከ ዛሬ ትጸልይለታለች።

አሁን ፊታችሁን አያለሁ። ተቆጥታችኋል። “ምን ዓይነት ፈሪ ሰው ነው!” እያላችሁ ነው። ቆዩ። ገና አልጨረስኩም።

ያን ቀን ያችን ጽሑፍ ሁለት መቶ ሰባት ሰው ነው ያጋራት። ሁለት መቶ ሰባቱም ክፉ ሰዎች ይመስሏችኋል? ከእነሱ አንዱን አውቀዋለሁ። ቅዳሜ ቤቱ ቁጭ ብሎ የእሑድ ስብከቱን ያዘጋጅ ነበር። ስልኩ ጮኸ፤ አነበበ፤ ደነገጠ። ለመንጋው አሰበና ወደ እናቶች ግሩፕ ላካት። ከሥሯም “እህቶች፣ ተጠንቀቁ” ብሎ ጻፈባት። ከዚያም ወደ ስብከቱ ተመለሰ። ስብከቱም ስለ ፍቅር ነበር።

ያ ሰው እኔ ነኝ።

እትዬ ብርነሽን ሆስፒታል ሄጄ ጠይቄያታለሁ። አልጋዋ አጠገብ ቆሜ ጸልዬላታለሁ። በግራ እጇ እጄን ይዛ “እግዜር ይስጥልኝ፣ እርስዎ ባይኖሩ ምን እሆን ነበር” ብላኛለች። እኔም “አሜን” ብዬ ወጣሁ። መምህሩን “ሄደህ ንገራት” ያልኩት በዚህ አፌ ነው። ከዚያ ወደ እናንተ ከተማ ተዛወርኩ፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ስዛወር ደስ ብሎኝ ነበር።

ስለዚህ እኔ እናንተ ላይ አልፈርድም። የምጠይቃችሁ እየፈራሁ ነው። በዚህ ሳምንት “አይቻለሁ” ያላችሁት ነገር አለ? በእርግጥ አይታችኋል? አይታችሁስ ከሆነ ጠይቃችኋል? ያላያችሁትን የጨመረላችሁ ማን ነው? ስለ አንዱ ነጋዴ፣ ስለ አንዱ ሐኪም፣ ስለ አንዱ ብሔር፣ ስለዚያ ወንድማችሁ ቤተ ክርስቲያን የጻፋችሁትን፣ ያጋራችሁትን፣ በአውራ ጣታችሁ ነክታችሁ ያለፋችሁትን አሁን ማን ተሸክሞት እንደሚዞር ታውቃላችሁ? እኔ አላውቅም ነበር። በሩ ላይ ስትገፋ አላየኋትም፤ ግን ከገፉት እጆች አንዱ የእኔ ነበር።

በምድር ላይ ማንም አልጠየቀኝም። ማንም አያውቅም። የሚያስፈራኝም ይኸው ነው። እዚህ ያልተጠየቅሁበት ነገር ሌላ ቦታ እንደሚጠብቀኝ አውቃለሁ፤ እዚያ ደግሞ “እኔ እንጃ” ማለት የለም።

ነገ ጠዋት አውቶቡስ ተሳፍሬ እትዬ ብርነሽ ዘንድ እሄዳለሁ። የመምህሩን ነገር እሱ ይንገራት፤ እኔ የራሴን እነግራታለሁ። ምን እንደምትለኝ አላውቅም። ሌሊቱን እንቅልፍ የሚወስደኝም አይመስለኝም።

እናንተስ ነገ ማን ዘንድ ትሄዳላችሁ?