ድንጋይ የዋጠው አዞ

ተረት ተረት ስላችሁ የሐይቅ ዳር ቤት በሉኝ።

በአንድ ሐይቅ መካከል አንድ ቋጥኝ ነበር፤ እዚያ ላይ ወጥቶ ፀሐይ የሚሞቀው ንጉሡ ብቻ ነው። የዚያን ዘመን ንጉሥ አባቱን ነክሶ ያባረረ አዞ ነበርና፣ ልጅ በተፈለፈለለት ቁጥር «ይሄም አንድ ቀን ይነክሰኛል» እያለ ዋጥ ያደርገዋል።

ሚስቱ አልቅሳ አልቅሳ ሲመራት የባሏን ጥርስ የምትለቅመውን ወፍ ጠራቻት።

«እህቴ፣ የመጨረሻውን ልጄን ልደብቀው ነው። በሱ ፈንታ ምን ላጉርሰው?»

«ድቡልቡል ድንጋይ» አለች ወፏ። «ሳያኝክ እኮ ነው የሚውጠው፤ ጥርሱ መሀል የልጅ ቁራጭ አግኝቼ አላውቅም።»

ንጉሡም ድንጋዩን ዋጠና ሆዱን እያሻሸ ተኛ።

ልጁ ሸምበቆ ውስጥ አደገ፤ አደገና አንድ ማለዳ ቋጥኙ ላይ ወጣ። ሐይቁ ተናወጠ። ጉማሬዎች ብቅ ብቅ አሉ፤ ዳክዬዎች አንገታቸውን አሰገጉ። አባትና ልጅ ተናነቁ፤ ልጁ ገፋ ሲያደርገው ሽማግሌው ውሃ ውስጥ ወደቀ። ለመውጣት ቢፍጨረጨርም የዋጠው ድንጋይ ቁልቁል ጎተተው።

«አንተ የማን ልጅ ነህ?» አለ እየሰመጠ።

«ያንተ ነኝ፤ ዋጥኩት ያልከው።»

ሐይቁ በእልልታ ተሞላ፤ እስከ ማታም ተጨፈረ።

በዓመቱ የአዲሱ ንጉሥ ሚስት እንቁላል ጣለች። ንጉሡ ጥርሱን አስለቅሞ ሲጨርስ ወፏን ቀስ ብሎ ጠየቃት።

«የኔ ልጆችስ አድገው ይነክሱኝ ይሆን?»

ወፏ ክንፏን አራግፋ ድቡልቡል ድንጋይ ፍለጋ በረረች።