አፏን የዘጋችው እመት ዛጎል

ይህን ተረት በማውራታችን ትልልቆቹን ሁሉ ከወዲሁ ይቅርታ እንጠይቃለን፤ ጥፋቱ የእንስሳቱ ነው። ተረት ተረት፤ የዓሣ በረት።

በአንድ ባሕር ዳር እመት ዛጎል የምትባል፣ በቅርፊቷ ውስጥ የምትኖር ኩሩ ነበረች። ውሃው ንጹሕ ሲሆን አፏን ትከፍታለች፣ ሲቆሽሽ ትዘጋለች። አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም፤ ይህንንም ራሷ በደንብ ታውቃለች።

አንድ ክረምት ወደ ባሕሩ የሚፈስሰው ወንዝ ጥቁር ውሃ ይዞ ገባ። ዓሣ እንቁላሏን ልትጥል ደርሳ ነበርና ተጨነቀች። የውሃ አጥኚው፣ ዓሣ በሊታው ወፍ አያ ፔሊካን ጉባኤ ጠራ።

«ውሃው ጤነኛ ነው» አለ። «ከላይ ሆኜ ስመለከተው መልኬን አሳምሮ ያሳያል። እመት ዛጎል፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?»

እመት ዛጎል አፏን ግጥም አድርጋ ዘጋች። እንደዚያ ቀን አጥብቃ ዘግታ አታውቅም፤ ከዚህ የበለጠ ምን መልስ አለ ብላም ኮራች።

በጉባኤው ደንብ ግን ዝም ያለ እንደ ተስማማ ይቆጠራል። «ተስማምታለች!» ብሎ አያ ፔሊካን አስጻፈ።

«አያ፣ እርስዎ መልክዎን ይዩ፤ እኔስ የእሷን አፍ አየሁ» አለች ዓሣ። ዘመዶቿን አስከትላ እንቁላሏን ሌላ ዳርቻ ልትጥል ሄደች።

በዓመቱ አያ ፔሊካን ባዶው ውሃ ላይ ደረቱን ነፍቶ ቆመ። «ይኸው፣ አንድ እንኳ ቅሬታ አቅራቢ የለም!» አለ። ሆዱ ግን ይጮህ ነበር። እመት ዛጎልም ከታች እንደ ዘጋች፣ እንደ ኮራች ነበረች።

ተረቴን አትመልሱ፤ አደራ፣ ለማንም አትንገሩ። ብትጠየቁም ዝም በሉ፤ ተስማምተዋል ተብሎ ይጻፍላችኋል።